«ዘ ኔምሴክ»ን ለልጆቻችሁ አታሳዩአቸው

ሰሞኑን እኔ ባለሁበት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ወዳጃችን የፊልም ሊንክ ለጠፈ። «ዘ ኔምሴክ»። ከሥሩም ምክር ጨመረበት፦ «ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ አሳዩአቸው። ማንነቱን የረሳ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ይማሩበታል።» ከዚያማ የጸሎት እጅ፣ ልብ፣ «ተባረክ ወንድማችን» ዘነበ። እኔም አውራ ጣቴን አስቀምጬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ስለ ልጆች ጥፋት የተሠራ ፊልም አይደለም። እኔ እንደገባኝ ስለ ወላጆች ዝምታ ነው። ይህንን ግሩፑ ላይ ብጽፍ ክርክር ይነሳል፣ አድሚኑም «ከርዕሳችን አንውጣ» ይለኛል። ስለዚህ በራሴ ገጽ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምዘረግፈው ያላያችሁት ካላችሁ መጀመሪያ አይታችሁ ተመለሱ።

ለማታውቁት በአጭሩ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሯ ህንዳዊቷ ሚራ ናይር ናት። ታሪኩ የተወሰደው ጁምፓ ላሂሪ በ2003 ካሳተመችው ልቦለድ ነው። አሾክ የሚባል የካልካታ ቤንጋሊ አሜሪካ ይማራል፣ አገሩ ተመልሶ በቤተሰብ ምርጫ አሺማን ያገባል፣ ኒው ዮርክ ይወስዳታል። ወንድና ሴት ይወልዳሉ። ወንዱን በሩሲያዊው ደራሲ ስም ጎጎል ይሉታል። ልጁ ስሙን ይጠላል፣ ይቀይራል፣ ከቤት ይርቃል፣ አባቱ ድንገት ሲሞት ይመለሳል። ይኸው ነው። ተኩስ የለም፣ መኪና አይገለበጥም። ባቡር ይገለበጣል፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ርዕሱ በአማርኛ አንድ ቃል ነው፦ ሞክሼ። እንዲህ ልክክ ብሎ የሚገጥም ርዕስ ብዙ አያጋጥምም።

መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ነው፤ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት በተከራየሁት ኮፒ ዲቪዲ። ያኔ ላጤ ነኝ፣ በየዓመቱ ዲቪ ሞልቼ በየዓመቱ የማይወጣልኝ። የቆምኩት ከጎጎል ጎን ነበር። ምን ዓይነት አባት ነው በሰው አገር የወለደውን ልጅ በሌላ ሰው አገር ደራሲ ስም የሚጠራው? አሺማ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄዳ የባሏን ሹራቦች አኮማትራ ስትመለስ ስቄአለሁ። የፈረንጅ ቁርስ ላይ ኦቾሎኒና በርበሬ ነስንሳ ስትበላ ደግሞ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ይቺማ የእኛ ሰው ናት» ብሎ የበለጠ አሳቀኝ።

ሁለተኛ ያየሁት ባለፈው ጥር ነው፤ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከሥራ ገብቼ፣ ከባለቤቴ ጋር። ያው የሹራብ ትዕይንት መጣ። ባሏ ሲቆጣት መታጠቢያ ቤት ገብታ በር ዘጋችበት፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ያባብላታል። ባለቤቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ «እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ስንት ቀን እንደዚያ ዘግቼ አልቅሻለሁ መሰለህ፤ አንተ ሥራ ነበርክ» አለችኝ። አላውቅም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ኖረን አላውቅም ነበር። ሳቅ የለም በዚህኛው ዙር።

እንግዲህ ስለ ስሙ።

ቤንጋሊዎች ለአንድ ልጅ ሁለት ስም ያወጣሉ። አንዱ የቤት ስም ነው፣ «ዳክ ናም» ይሉታል፤ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት የሚጠራበት። ሁለተኛው «ባሎ ናም» ነው፣ ጥሩ ስም ማለት፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለዲፕሎማ። ጥሩው ስም አያስቸኩልም። በታሪኩም የልጁን ስም የምታወጣው ካልካታ ያሉት አያት ናቸው፣ ወላጆቹ ደብዳቤ እየጠበቁ ነው። የአሜሪካ ሆስፒታል ግን ስም ያልተጻፈለት ሕፃን ከበሩ አያስወጣም። አባትየው ጨነቀውና የቤት ስም ይሆናል ብሎ «ጎጎል» አለ። ጊዜያዊው ስም ቋሚ ሆኖ ቀረ።

ይህ እኛን ግር የሚለን ነገር አይደለም። የክርስትና ስም አለ፣ ካህኑ ብቻ የሚጠራው። አያት ያወጣችው የቤት ስም አለ። የትምህርት ቤት ስም አለ። አንድ ሰው ሦስት ስም ይዞ ኖሮ ለቅሶው ላይ ነው ሁሉም የሚገናኙት። አሜሪካ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረብን፤ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አባት አለ፣ አያት አለ። አያት የቤተሰብ ስም ሆነው ይሞላሉ፤ እናትና ልጅ ኤርፖርት ላይ ስማቸው አይገናኝምና «ይህች ልጅ የማን ናት?» ተብለው ይጠየቃሉ። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ የልደት ሰርተፊኬት ይዛ ነው የምትጓዘው።

ደራሲዋም ይህን ከሰው ሰምታ አልጻፈችውም። እውነተኛ ስሟ ኒላንጃና ሱደሽና ነው፤ ጁምፓ የቤት ስሟ ነው። ሮድ አይላንድ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ አስተማሪዋ ረጅሙን ስም መጥራት ከበዳትና ቀላሉን መረጠች። ዛሬ የፑሊትዘር ሽልማት ዝርዝር ላይ ያለው ያ አስተማሪዋ የመረጠችው ስም ነው። ጎጎልን ሆኖ የተወነው ካል ፔንም አባትና እናቱ ያወጡለት ስም ካልፐን ሞዲ ነው። ለመድረክ ሲል ለሁለት ሰነጠቀው፤ ለኦዲሽን የሚጠሩት ጥሪዎች በዚያ ምክንያት እንደበዙለት ራሱ ተናግሯል። ስሙን የቀየረ ልጅ ሆኖ እንዲጫወት የተመረጠው ስሙን የቀየረ ሰው ነው ማለት ነው። (ካል ፔንን ለሚራ ናይር አጥብቆ የመከራት የራሷ ልጅ ነው፣ ያኔ የአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ። ያ ልጅ ዞህራን ማምዳኒ ነው፤ በ2025 የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው። የልጆቻችሁን ምክር አትናቁ።)

ጎጎል የሚለው ስም ከየት መጣ? ባቡሩ እዚህ ላይ ነው። አሾክ ወጣት ሳለ በባቡር እየሄደ የጎጎልን «ካፖርት» ያነባል። ባቡሩ ሌሊት ከሐዲዱ ወጣ፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ እሱ ተረፈ። በልቦለዱ ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ልብ ያሉት በእጁ ጨብጦት የነበረው የመጽሐፍ ገጽ ሲወድቅ አይተው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድና ስም ሲጠየቅ አፉ ላይ የመጣው ያ ስም ሆነ። የሩሲያ ፍቅር ይዞት አይደለም። በሕይወት መትረፉን ነው ልጁ ላይ የጻፈው።

(ጎጎልን የምታውቁት ሰዎች «ካፖርት» ውስጥ ያለችውን ነገር ታስታውሳላችሁ? የዋናው ገጸ ባሕርይ እናት ልጅ ወልዳ ከቅዱሳን ዝክር ስም ይመርጡላታል፣ የሚመጣው ሁሉ የሚያስቅ ስም ነው፣ ተስፋ ቆርጣ በአባቱ ስም ትጠራዋለች። አካኪ አካኪዬቪች። ስም ማውጣት አቅቷት የአባቱ ሞክሼ አደረገችው። ላሂሪ ይህን መጽሐፍ ዝም ብላ አልመረጠችውም።)

እስቲ አሁን የግሩፑ ወዳጄ ያላየውን ነገር ላሳይ።

ይህን ታሪክ ልጁ የሚሰማው መቼ ነው? አድጎ፣ ስሙን ተጠይፎ፣ በሕግ «ኒኪል» ብሎ ካስቀየረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ምንም አልሰማም። ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ አስተማሪው ስለ ደራሲው ጎጎል ይነግራቸዋል፤ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ጓደኛ የሌለው፣ ራሱን በረሃብ የገደለ ሰው። ልጁ ወንበሩ ላይ ይሸማቀቃል። ቤት ውስጥ የነገረው ስለሌለ ስለ ስሙ የነገረው አስተማሪ ነው፣ የነገረውም አስቀያሚውን ነው። አባትየው አንድ ጊዜ ሊሞክር ይገባል፤ ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የጎጎልን ታሪኮች ጠቅልሎ ስጦታ ይዞለት መኝታ ክፍሉ ይገባል። ልጁ ሙዚቃ ከፍቷል፣ ልቡ እዚያ አይደለም። አሾክ በሩ ጋ ቆመ፣ ሊናገር አለ፣ ተወው። ኢርፋን ካን ይህችን ቦታ በዓይኑ ብቻ ነው የሠራት። ወጣና በሩን ዘጋ። መጽሐፉም ሳይነበብ ተቀመጠ።

ያቺ በር ላይ የቆመበት ደቂቃ ናት ለእኔ ሙሉው ፊልም። ብዙ ሰው «ዋው፣ እንዴት ያለ ትዕግሥተኛ አባት» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብያለሁ። አሁን ግን አሾክ ላይ እፈርዳለሁ፤ ኢርፋን ካን ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ነው ይቅር የምንለው። ልጁ እስኪበስል፣ እስኪረጋ፣ ራሱ መጥቶ እስኪጠይቅ ጠበቀ። ልጁ ደግሞ መጠየቅ እንዳለበት በምን ያውቃል? በመጨረሻ አንድ ማታ መኪና ውስጥ ነገረው። ልጁ ደነገጠ፣ ተቆጣም፤ ለምን እስካሁን ደበቅከኝ ነው ቁጣው። ከዚያ በኋላ ብዙም ጊዜ አልነበራቸውም።

እኛስ? እኛ ለልጆቻችን የምንነግራቸው አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ዓድዋን ነው። ሦስት ሺህ ዓመት እንነግራቸዋለን። በ2001 ዓ.ም. ምን ገጥሞን ከአገር እንደወጣን ግን አንነግራቸውም። ልጁ ስለ ምኒልክ ያውቃል፣ አባቱ የመጀመሪያውን ክረምት የት እንዳደረ አያውቅም። እማማ ለምን ያ የኬንያ ስልክ ሲመጣ ክፍል ገብታ እንደምታወራ አያውቅም። ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው «ባህልህን ረሳህ» ብለን ፊልም እናሳየዋለን።

«ልጆቹ መቼ ይሰማሉ? ስልክ ላይ ናቸው» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ጎጎልም አልሰማም ነበር።

ስለ ሁለተኛው ነገር ልምጣ፤ ስለ ሞት።

በዚህ ፊልም ውስጥ ስልክ ክፉ ዕቃ ነው። ከህንድ ሌሊት ከደወለ አንድ ሰው አርፏል ማለት ነው። የአሺማ አባት ሞት በስልክ ነው የመጣው። የአሾክም ሞት በስልክ ነው። አሾክ ለማስተማር ብቻውን ኦሃዮ ክሊቭላንድ ሄዷል፤ ትንሽ ሆዴን አሞኝ ሆስፒታል ነኝ ብሎ ይደውላል። ሲዘገይባት አሺማ ራሷ ትደውላለች። ማዶ ያለችው ሴት በጨዋ ድምፅ «ኤክስፓየርድ» ትላታለች። ወተት ላይ፣ መድኃኒት ላይ የምናነባት ቃል። ከዚያ ታቡ የምትሠራውን ማንም ሰው አይረሳውም፤ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ መብራቱን ታበራለች፣ በባዶ እግሯ ደጅ ትወጣለች። ሰፈሩ በገና መብራት ያብረቀርቃል። አንድ ጎረቤት አይወጣም። ጩኸቷን የሚሰማት የለም።

ይህንን ሳይ «ወይ መርዶ!» ነው ያልኩት። መርዶን ድሮ እንደ ኋላ ቀር ነገር የምቆጥር ሰው ነበርኩ። ለምን ይደበቃል? ለምን አይነገረውም? አሁን ይገባኛል። ለአንድ ሰው ሞትን ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አናደርግም፤ ያ ሁሉ ውጣ ውረድ ለዚህች ነው።

እኔ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የመጡት። በር ተንኳኳ፤ ደረጃው ላይ ሰባት ስምንት ሰው፣ ኮት የለበሰ፣ አንዷ የቡና ቴርሞስ በእጇ። ማንም ምንም ሳይል አወቅኩ። ረቡዕ ነበር የሰሙት። ሐሙስና ዓርብ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እያወቀ አብሮኝ ምሳ በልቷል፤ እንዴት እንደዋጠው እንጃ። እናቴ ናት። ያኔ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም ነበር፤ ከወጣሁ መመለስ የለም። ስለዚህ በፊልሙ እንደምታዩት ሻንጣ አዘጋጅቶ አውሮፕላን መሳፈር አልነበረም። አንድ መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ፎቶዋን አንድ ጓደኛዬ ፋርማሲ ወስዶ አሳጠበልኝ፣ ጠርዙ ላይ የዋጋ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ግድግዳ ላይ አደረግነው። ቀብሯን በኋላ በላኩልኝ ቪዲዮ ነው ያየሁት። ካሜራ የያዘው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ኢርፋን ካን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2020 ዓ.ም. አረፈ። ከአራት ቀን በፊት እናቱ ጃይፑር ውስጥ አርፈው ነበር፤ አገሩ ሁሉ በኮሮና ተዘግቶ ስለነበር እሱ ሙምባይ ሆኖ ቀብራቸው ላይ መገኘት አልቻለም። ዜናውን ሳነብ ያቺ የተንቀጠቀጠች ቪዲዮ ነበር ትዝ ያለችኝ።

ይህን የማነሳው ፊልሙ የማያውቀን ቦታ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የጎጎል ቤተሰብ ከ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ በሩ የተከፈተላቸው የተማሩ ህንዶች ወገን ነው። አባት ፕሮፌሰር፣ ጓሮ ያለው ቤት፣ በየጊዜው ካልካታ መመላለስ። ናፍቆታቸው እውነት ነው፣ ግን ትኬት መቁረጥ የሚችል ናፍቆት ነው። አሺማ መጨረሻ ላይ ቤቷን ሸጣ ግማሹን ዓመት ህንድ፣ ግማሹን አሜሪካ ልትኖር ትወስናለች፤ ድሮ ያቋረጠችውን ዘፈን ልትማር። ደስ ይላል። ሁለት ሺፍት የምትሠራ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ወረቀቷ ያላለቀ፣ ወይ ደግሞ ቤሩት ሰው ቤት ፓስፖርቷ የተያዘባት ልጅ ግን ይህን ምርጫ አታገኝም። ስለዚህ «ይህ የእኛ ታሪክ ነው» ስትሉ ቀስ በሉ። የአንዳንዶቻችን ነው።

ሌላም የማልወድለት ነገር አለ። የጎጎል ፍቅረኛ ማክሲን ላይ ፊልሙ ግፍ ይሠራል። ለቅሶ ቤት ሁሉም ነጭ ለብሶ እሷ ጥቁር ለብሳ ትመጣለች፤ እኛም ተመልካቾቹ «አየህ፣ አታውቅም» እንድንል ነው የተቀመጠችው። ቆይ ግን፣ ነጭ እንደሚለበስ ማን ነገራት? በአገሯ ደንብ አክብራ ነው የመጣችው። ጎጎል ስለ ወላጆቹ ያስጠናት ነገር ቢኖር አትሳሚኝ፣ እጄን አትያዥኝ የሚል ነው፤ ስለ ሞት አልነገራትም። አባቱ ለእሱ እንዳልነገረው እሱም ለእሷ አልነገራትም። ከዚያ የምታገባው ቤንጋሊዋ ሙሹሚ ትመጣለች፤ ቋንቋውም ምግቡም አንድ ነው፣ ትዳሩ ግን ይፈርሳል። ይህንን ክፍል ፊልሙ ይሮጥበታል፣ ሙሹሚም ሰው ሳትሆን ታልፋለች። ቢሆንም «የአገርህን ልጅ አግባ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ለሚሉ ዘመዶቻችን ይህን ሃያ ደቂቃ ብቻ ቆርጬ ብልክላቸው ደስ ይለኛል።

ጫማውን ሳልናገር አላልፍም። መጀመሪያ ላይ አሺማ ለእይታ ስትቀርብ ሙሽራው ከበሩ ውጭ ያወለቀውን ጫማ ታያለች። ማንም ሳያያት እግሯን ከትታ ትሞክረዋለች። ሰውየውን ሳታየው ጫማውን ለካችው። አባቱ ሲሞት ደግሞ ጎጎል ክሊቭላንድ ሄዶ የአባቱ ባዶ አፓርታማ ውስጥ ያንኑ ያደርጋል፤ እግሩን በአባቱ ጫማ ውስጥ ይከታል። ማንም ምንም አይናገርም። ተመልሶ ኤርፖርት ሲደርስ ራሱን ተላጭቶ ነው። አባቱ አያቱ ሲሞቱ እንደተላጨ አይቶ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም። እናቱ ማድረግ አልነበረብህም ስትለው ፈልጌ ነው ይላታል። እንግዲህ «ባህሉን የረሳ ልጅ» የተባለው ይህ ነው። አልረሳም። ያየውን አስታወሰ፤ ያልተነገረውን ግን ማስታወስ አይችልም።

አሁን ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ልናገር።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በመስከረም ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። የምዝገባው ፎርም ላይ «ልትጠሪበት የምትመርጪው ስም» የሚል ቦታ አለ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ ፈቃዷ አይደለምና። «ጸ» አለችበት ልበላችሁ፤ ደግሞ በየትኛው ጸ እንደሚጻፍ እኔና ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፣ ፊደሎቹ ራሳቸው ሞክሼ ናቸው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዎች ዝርዝሩን እያነበቡ መጥተው እሷ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ዝምታውን ስለምታውቀው ቀድማ እጇን ታወጣለች። እናም ፎርሙ ላይ በአንድ የፈረንጅ ስም ሞላችው።

ተቆጣሁ። ጮህኩ ብል ይሻላል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል!» አልኳት፤ አባቴ ይለው በነበረው ድምፅ። «የአያትሽ ስም ነው!» አልኳት። «አላውቃትም እኮ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ሳትሰድበኝ፣ እውነቱን ብቻ። በሯን ዘጋች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ እንደ አሾክ። የግሩፑ መልእክት የመጣው ከዚህ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

እናቴ በሞተች በአምስተኛው ወር ነው ልጄ የተወለደችው። ስሟን ያወጣሁት በደስታ አልነበረም። መቅበር ያልቻልኩትን ስም ይዤ ቀርቼ ነበር፤ እሷ ላይ አስቀመጥኩት። ይህንን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ስለ ቅዳሜው ጠዋት፣ ስለ ቴርሞሱ፣ ዋጋ ስለተለጠፈበት ፎቶ ነግሬያት አላውቅም። ፎቶውን ታውቀዋለች፤ ሳሎን ነው ያለው። በፍሬም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቮሊቦል ልምምድ ሳመጣት መኪና ውስጥ ጀመርኩት። መኪና ጥሩ ነው፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩም። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አወጣች፣ ሁለተኛውን አላወጣችም። ግማሹን በአማርኛ፣ ሲጠፋኝ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ቤት ደረስን፣ ሞተር አላጠፋሁም። ስጨርስ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እሷስ ስሟን ትወደው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለእናቴ ጠይቄያት አላውቅም።

አዲስ አበባ ነግቶ ነበርና ለአክስቴ ደወልኩ፤ የእናቴ ታናሽ ናት፣ ሰባ አልፏታል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ መሃላችን አስቀመጥኩት። አክስቴ ሳቀች። «እሱን ስም እኮ አዲስ አበባ ስትመጣ ትምህርት ቤት ያወጡላት ነው። አገር ቤት እንደዚያ ብሎ የጠራት የለም፤ አባታችን እስኪሞት በድሮው ስሟ ነው የሚጠራት። እሷ ግን አዲሱን ወዳው ነበር፤ በድሮው ስንጠራት አቤት አትልም ነበር» አለች።

ለልጄ ተረጎምኩላት። ሁለተኛውን ማዳመጫ አወጣችው።

«ቆይ፣ እሷም ቀይራዋለች ማለት ነው?»